ደሴ ላይ የወፍ መረብ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ማዳበሪያውን ሳታስፈቱ ብር እንዳትከፍሉ

ኩሬ ቆፍራችሁ ዓሣ የምታረቡ ወገኖቼ፣ በተለይ ከሐይቅ እስከ መርሳ ያላችሁ፣ ይህን ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም። ገና ከደሴ መመለሴ ነው። ንዴቴ አልበረደም። 14,000 ብር ከፍዬ የማይረባ ክር ተሸክሜ ገባሁ። ብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ያንገበገበኝ ግን የሰዎቹ ንቀት ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የውሃ ፓምፕ፣ ገመድ፣ ሸራ፣ የዶሮ ሽቦና የጸረ ተባይ መርጫ አንድ ላይ የተከመረበት ነው። በሩ ላይ ልጆች ቆመው "ግቢ እማዬ፣ ምን ልስጥሽ" ይላሉ። ያለው ዕቃ ሁሉ "ኦሪጅናል" ነው። ዋጋው መጀመሪያ አይቀመስም፣ ከዚያ "ለአንቺ ስል" ተብሎ ትንሽ ይወርዳል። እስኪከፈል ድረስ ወንበር ይሰጣችኋል፣ ውሃ ይቀርብላችኋል።

መረቡ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። ጓሮዬ ውስጥ ከምንጭ በቦይ የሚሞላ የአፈር ኩሬ አለኝ። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚሉትን ዓሣ) ነው የማረባበት። ዳር ዳሩን እንቁራሪት ሞልቶታል፣ ማታ ማታ ድምፃቸው እስከ ጎረቤት ይሰማል። ክረምቱን ውሃው ደፍርሶ ስለሚከርም ወፍ ዓሣውን ከላይ ማየት ይቸግረዋል። ጣጣው የሚጀምረው ከመስከረም በኋላ ነው። ውሃው ይጠራል። በዚያው ሰሞን ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች በአገሬው ወፍ ላይ ይጨመራሉ። የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ደግሞ ቅርባችን ናቸው። ዓሣ የሚበላ ወፍ በእኛ ሰፈር አይጠፋም።

የባሰው ያ ባለ ረጅም እግሩ ግራጫ ወፍ ነው። ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመጣል። ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ እንደተተከለ እንጨት ደርቆ ይቆማል። ዓሣዋ ስትቀርብ አንገቱን አንድ ጊዜ ይወረውራል፣ በቃ። ቆሮሶ ደግሞ የሚራባው እዚያው ዳር ዳሩ ላይ ነው። ወንዱ ጭቃውን ቆፍሮ ክብ ጎድጓዳ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። እስኪፈለፈል ድረስ በአፏ ይዛው ነው የምትዞረው። ስለዚህ ወፉ አንዲት እናት ዓሣ ሲወስድ አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም የጎደለብኝ። አፏ ውስጥ ያለው ልጅ ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው።

ሌላው ትንሹ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ። አየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ይቆምና ቁልቁል ወደ ውሃው ይወረወራል። እሱ የሚለቅመው የዓሣ ጫጩቶቹን ነው። እሱን ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ጎረቤቶቼ አንዳንዶቹ መርዝ አድርጊ፣ ሌሎቹ በወንጭፍ ይመታ አሉኝ። አልፈለግኩም። ወፉ ርቦት ነው የሚመጣው፣ ውሃው የእሱም ነው። እኔ የፈለግኩት እንዳይገባ ማገድ ብቻ ነበር። ለዚህ የሚሆነው ደህና መረብ ነው። ወፉ ከሩቅ የሚያየው ወፈር ያለ ክር ያለው፣ ቀዳዳው ጠበብ ያለ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ በቋሚና በሽቦ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የሚወጠር። ይህን ሁሉ ለባለሱቁ ቁጭ ብዬ አስረድቼዋለሁ። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

ባንኮኒው ላይ ያወጣልኝ መረብ ልክ የፈለግኩት ነበር። ጥቁር ነው። ቋጠሮው ሁሉ የጠበቀ። ጣቴን አስገብቼ በኃይል ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም። "ፀሐይ አይበላውም፣ የቱርክ ነው" አለኝ። 12 ሜትር በ10 ሜትር እፈልጋለሁ አልኩት። "አብሽሪ እማዬ፣ ልክሽ አለ" አለ። ከፈልኩ።

ልክ ብሩን ቆጥሮ መሳቢያው ውስጥ እንደከተተ ነው ነገሩ የተቀየረው። እጁን የማሳያው መረብ ላይ ጫነና ወደ ራሱ ጎተተው። "ይሄኛው ለማሳያ የተቀመጠ ነው፣ አቧራ ጠጥቷል። አዲሱን ከመጋዘን ያምጣልሽ" አለና ልጁን በዓይኑ ጠቀሰው። ልጁ በጓዳው በር ገብቶ ቆየ። ሲመለስ አፉ በሲባጎ የተሰፋ ማዳበሪያ ይዟል። ተቀበልኩት፣ ክብደቱ ደህና ነው። "እስቲ ይፈታና ልየው" አልኩ። ይህን ማለቴን አስምሩበት፣ ብያለሁ። ባለሱቁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እማዬ፣ መረብ እዚህ ከተፈታ ይተበተባል፣ ቤትሽ ስትደርሺ መፍቻ ታጪለታለሽ። እኛ እኮ የምንኖረው በስማችን ነው" አለኝ። መረብ ሲፈታ እንደሚተበተብ ማንም ያውቃል። ውሸታቸውን የሸፈኑት በእውነት ነው። ልጁ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ፣ ጣሪያው ላይም ጫነልኝ።

ቤቴ ገብቼ ሲባጎውን ስበጥስ ከላይ የወጣው ነጭ፣ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር ነው። ዓሣ አጥማጆች ውሃ ውስጥ የሚዘረጉት ሞኖፊላመንት የሚሉት መረብ ነው። ቀዳዳው የሰው እጅ ያስገባል። ያውም አዲስ አይደለም። የተበጠሰ፣ የተቀጣጠለ፣ የዓሣ ሽታ ያለው ነው። ሲለካ ርዝመቱ ከ9 ሜትር አላለፈም። ከማዳበሪያው ሥር ደግሞ የሸራ ቁርጥራጭ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ክብደቱ እሱ ነበር።

መሽቶ ስለነበር ልጄ "ለዛሬ እንኳ ያግድልን" ብሎ በቋሚዎቹ ላይ ወጠረው። ጠዋት ስንወጣ መሐሉ ረግቦ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ግራጫው ወፍ ዳር ቆሞ በቀዳዳው መንቁሩን እያስገባ ይወጋል። ያ ዝንጉርጉሩ ትንሽ ወፍ ግን ክንፉ ተጠላልፎ፣ አንገቱ ታንቆ ሞቷል። ከሥሩ አንዲት እንቁራሪት በሁለት እግሯ ተይዛ ደርቃለች። ነገሩ ግልጽ ነው። ያ ክር የሚሠራው ዓሣ እንዳያየውና ገብቶ እንዲያዝ ተብሎ ነው። ዓሣ ያላየውን ወፍም አያየውም። የሚጠብቅልኝ ነገር ልገዛ ሄጄ የሚገድል ነገር ነው የሸጡልኝ።

ወፉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ መረቡን መልሼ ጠቅልዬ ወደ ደሴ ተመለስኩ።

ሲሸጥልኝ "እማዬ" ነበርኩ። ስመለስ "ሴትዮ" ሆንኩ። ወንበርም የለም። ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ብዙ ሰው ተስተናገደ። በመጨረሻ "ምን ነበር?" አለኝ፣ አይቶኝ እንደማያውቅ። መረቡን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። "ደረሰኝ አምጪ" አለ። ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "ምን ይላል? መረብ፣ አንድ። መረብ ወስደሻል። ታዲያ ምን ጎደለ?"

የማሳያው ጥቁር መረብ እዚያው ባንኮኒው ላይ ነበር። ከቦታው አልተነሳም። "ያሳየኸኝ ይህን ነው" አልኩና እጄን አሳረፍኩበት። እጄን አንስቶ፣ "እሱ ለሽያጭ አይደለም" አለኝ። ሰው እንዴት ዓይን ለዓይን እየተያየ እንደዚህ ይላል? 12 በ10 ብዬ እንደነበር ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። ደረሰኙ ላይ መጠን የለማ። ለካ ሆን ብለው ነው የማይጽፉት።

ከዚያ ፎቶውን አሳየሁት። የሞተውን ወፍ። ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ለልጆቹ አዞረውና፣ "ይኸው ወፉን ይዞልሻል አይደል እንዴ? ሠርቷል ማለት ነው" አለ። ልጆቹ ሳቁ። ሒሳብ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል "ለእንቁራሪት ብላ እኮ ነው ይሄን ሁሉ ብር ያወጣችው" አለች። እንደገና ተሳቀ።

አዎ፣ ለእንቁራሪትም ነው። ትንኙን የምትበላልን እሷ ናት። ዓሣው ደግሞ የልጆቼ ደብተርና ጫማ ነው። ይህ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ገበሬ፣ የገጠር ሴት፣ ከሐይቅ የመጣች ስለሆንኩ ብቻ ነው እንደዚያ የሳቁት። የደሴ ሰው፣ መኪና ያለው ሰው ቢመልሰው ኖሮ ቡና ተፈልቶለት ነበር የሚነጋገሩት። እኛ የምንከፍለው ብር ግን ከእነሱ ብር አያንስም። ተቆጥሮ፣ ከዓሣ ሽያጭ ሳንቲም በሳንቲም ተጠራቅሞ የመጣ ነው።

ሸማች ጉድለት ያለበት ዕቃ ሲገጥመው በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ብሩን ማስመለስ እንደሚችል ሕግ አለ አልኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝና "ሂጂ፣ ክሰሺ" አለኝ። ስወጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ያንኑ ጥቁር መረብ እየሳቡ ያዩታል። "አባቴ፣ ከመጋዘን የሚያመጡልዎትን ያስፈቱት" አልኳቸው። ልጁ "መንገድ ልቀቂ" ብሎ በክንዴ ይዞ ወደ ውጭ መራኝ። ሰውየው ገዝተው ይሁን ትተው አላየሁም። አሁንም እሳቸው ናቸው የሚያሳዝኑኝ።

ከዚያ በቀጥታ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። የሕጉን ቁጥር ለምትፈልጉ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው።

ምክሬ አጭር ነው። የሚሰጣችሁን ማዳበሪያ ሱቁ ውስጥ አስፈቱ፣ ቢተበተብም ይተብተብ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኙ ላይ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ዓይነቱ ካልተጻፈ አትክፈሉ። ነጭ ቀጭን ክር ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም ኩሬ ላይ አትወጥሩት። ወፍ ያስፈራራል ብለው የፕላስቲክ ንስርም ይሸጡላችኋል፣ ወፉ ሳይውል ሳያድር ይለምደዋል።

እኔ ለጊዜው የኩሬውን ዳር በአካፋ ቁልቁል አድርጌ እየቆረጥኩ ነው፣ ረጅም እግሩ ወፍ መቆሚያ እንዲያጣ። የአንዱን ጎን ብቻ ለእንቁራሪቶቹ መውጫ ትቼዋለሁ። የተሰበሩ እንስራዎችም ውሃው ውስጥ አስተኝቻለሁ፣ ዓሣዎቹ ይደበቁበታል። እውነተኛውን ጥቁር መረብ የሚሸጥ ታማኝ ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ወልዲያ፣ ጻፉልኝ።