የኑግ ፋጉሎ ወይስ የስንዴ ፉርሽካ? ጎጃም ላለ ከብት አርቢ የቀረበ ንጽጽር

በምሥራቅም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ከብት የሚያረባ ሰው የሆድ መሙያ ብዙም አይቸግረውም፤ የጤፍ ጭዱ፣ የበቆሎ አገዳውና ዝናቡ ሲያባራ ታጭዶ የተከመረው ድርቆሽ በግቢው አለ። ችግሩ የሚታየው ከጥር በኋላ ነው፤ ላሟ ከክምሩ እየበላች ሆዷ ሞልቶ ወተቷ ይጎድላል። የጤፍ ጭድ ጠቅላላ ፕሮቲኑ ከ100 እጅ ከ4 እስከ 6 ብቻ ሲሆን፣ በጨጓራዋ ውስጥ አሰሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት በአግባቡ ለመሥራት ቢያንስ 7 እጅ ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገበያ የሚኬደው ጭዱ የጎደለውን ለመግዛት ነው።

ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣው የኑግ ፋጉሎ በኩንታል 30 ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ከፍ ያለ ፕሮቲን ይዟል፤ ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣው የስንዴ ፉርሽካ ደግሞ ከ15 እስከ 17 ኪሎ። ታዲያ የኩንታል ዋጋን ከኩንታል ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። የፋጉሎውን ዋጋ ለ30፣ የፉርሽካውን ለ16 አካፍሎ አንዱ ኪሎ ፕሮቲን ስንት እንደሚያስወጣ ማየት ይገባል፤ በዚህ ስሌት የፋጉሎው ዋጋ የፉርሽካውን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለፕሮቲን ሲባል ርካሹ ፋጉሎው ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ጭድ ለምትበላ ላም ፋጉሎውን እንዲያስቀድም አጥብቄ እመክራለሁ።

ፉርሽካ የሚመረጥበትም ቦታ አለ። በጓሮው ትሪሉሰርን ወይም ሰስባንያ የተባሉትን ቅጠላቸው ለመኖ የሚሆን ዛፎች የተከለ አርቢ ፕሮቲኑን ከቅጠሉ ስለሚያገኝ፣ ኃይል የሚጨምርለትንና በፎስፈረስ የበለጸገውን ፉርሽካ ቢገዛ ይሻለዋል። ለበዓል የሚደልብ የዋሸራ (የጎጃም ዝርያ) በግ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ 1 እጅ ፋጉሎ ከ2 እጅ ፉርሽካ ተደባልቆ ከድርቆሹ በተጨማሪ በቀን 300 ግራም ያህል ቢሰጠው ለውጡ በዓይን ይታያል።

ጥራቱን ሳያዩ መግዛት ግን ስሌቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። በአንድ ክረምት መግቢያ የገዛሁት ፋጉሎ ላዩ ጥቁርና ደረቅ ነበር፤ ቤት ወስጄ ስሰብረው መሃሉ አረንጓዴማ ሻጋታ ይዞ፣ ሽታውም የምድር ቤት እርጥበት ሆኖ አገኘሁት። ላሟም አሽትታ ፊቷን አዞረች። እንዲህ ያለ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መርዙም ወደ ወተቱ ስለሚያልፍና ወተቱን በማፍላት ስለማይጠፋ፣ ጉዳቱ ከላሟ አልፎ ወተቱን ለሚጠጡት ልጆች ይተርፋል። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ከአራት ጆንያ አንዳንድ ቁራጭ አውጥቼ ሳልሰብር ገንዘብ አልከፍልም። ፉርሽካ ሲሆን እጅን እስከ ክንድ ከጆንያው ማግባት ነው፤ ውስጡ ከሞቀ እርጥበት አለው ማለት ነው። አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ ቢበተን ደግሞ ፉርሽካው ሲንሳፈፍ የተቀላቀለበት አሸዋ ከታች ይዘቅጣል።

የአገራችን ግብጦም ሊዘነጋ አይገባም። ፕሮቲኑ ከፋጉሎ የሚተናነስ አይደለም፤ ይሁንና መራራነቱ እንስሳውን ስለሚጎዳ፣ እናቶቻችን ለሰው ሲያዘጋጁት እንደሚያደርጉት ቆልቶ ለቀናት በወራጅ ውሃ መዘፍዘፍን ይጠይቃል፤ ጉልበትና ወንዝ ቅርብ ለሆነለት ያዋጣል። የጠላና የአረቄ አተላ በበርሜል ሲገዛ ርካሽ ቢመስልም ከ5 እጅ 4ቱ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው፤ ስለሆነም ከጠማቂው ጎረቤት ለሆነ እንጂ የጋሪ ኪራይ ለሚከፍል ሰው አይመከርም። የአረቄው አተላ ሳይቀዘቅዝ ለከብት መቅረብ የለበትም።

የትኛውም ተመርጦ ሲገዛ፣ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሰጥቶ በ10 ቀን ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉው መጠን ማድረስ ያስፈልጋል፤ ለምትታለብ ላም ሙሉው መጠን ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ የፋጉሎና የፉርሽካ ድብልቅ ያህል ነው።