በ14,000 ብር የገዛሁት ጉም፦ የዓመት እንዳትከፍሉላቸው!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከብርዱ እንዳይመስላችሁ፤ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው በብርድ አይንቀጠቀጥም። ትናንት ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የአምስት ወር ልፋቴ፣ ለጓደኞቼ በዳይስ የማጫውታቸው የተረት ጨዋታ፣ በከፈልኩበት አፕ ጥፋት በአምስት ሰው ፊት ገደል ገባ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የሸጡልኝ ሰዎች "ኢንተርኔትዎን ይፈትሹ" ብለው መለሱልኝ።

የአሳታሚውን ስም አልጠራም። የዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ዝነኛው) ባለቤቶች እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ነው። ዳይስ የምትወረውሩ ልጆች ግን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ ይሸጡልሃል። ከዚያ ያንኑ መጽሐፍ አፑ ውስጥ እንዲከፈትልህ እንደገና ያስከፍሉሃል። ማፑ ለብቻ፣ የጭራቆቹ ሥዕል ለብቻ፣ ከሦስት ካራክተር (ተጫዋቹ ሆኖ የሚጫወተው ሰው) በላይ ለመመዝገብ ደግሞ ሰብስክሪፕሽን። በወር ከከፈልክ ይወደዳል፣ የዓመት ከከፈልክ "ቅናሽ" አለው። እኔ ብልጡ የዓመቱን ከፈልኩ።

የእኛ ካርድ እዚያ ስለማይሠራ፣ ያው በቴሌግራም ዶላር ከሚከፍሉልን ልጆች ለአንዱ ሰጠሁት። 80 ዶላር፣ ዶላሩን በ175 መታብኝ፣ 14,000 ብር በቴሌብር ላክሁለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር ከመለቀቁ በፊት፣ ባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ገዝቼው ቢሆን ንዴቴም በዚያው ልክ ይረክስ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ የከፈልኩትን ከፍሎልኛል።

ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ፤ ታሪኩን እኔ አወራለሁ፣ ጓደኞቼ የታሪኩን ሰዎች ሆነው ይጫወታሉ። የፈረንጅ ቤተ መንግሥትና ድራጎን ስለሰለቸን ታሪኩን እዚሁ አገራችን ላይ ሠራሁት። አምስት መንገደኞች ደብረ ሲና ላይ ይገናኙና ጣርማበርን አቋርጠው መንዝ፣ ጓሳ ይወጣሉ። ጓሳው በተዘጋበት ወቅት በሌሊት እየገባ ሣሩን የሚያጭድ፣ ቀይ ቀበሮውን የሚያስበረግግ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ማጣራት አለባቸው። የመንዝ ሰው ያንን መሬት በራሱ ሕግ እየዘጋና እየከፈተ 400 ዓመት ገደማ ጠብቆታል፤ ከዚህ የተሻለ ታሪክ ከየት አመጣለሁ? መንገድ የሚመራቸው ደብረ ሲና ላይ የቀጠሩት አንድ ሽማግሌ ነው፣ አያ ድንቁ ይባላል። ተረት ያወራላቸዋል፣ በሶ ይበጠብጥላቸዋል፣ ጭላዳ ሲጮህ ምን እንዳየ ይተረጉምላቸዋል። ከመካከላችን ነርሷ ጓደኛችን እንደ አባቷ ነው የወደደችው። ጣርማበር ላይ በረደው ብላ የካራክተሯን ጋቢ አውልቃ ሰጠችው፤ ጋቢውን ከዕቃ ዝርዝሯ ላይ አስፍቃ እሱ ላይ አስመዘገበችኝ።

አያ ድንቁ ከዳተኛ ነው። ሣሩን የሚያሳጭደው እሱ ነው። ይህን በምድር ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔና አፑ።

ከዚያ በፊት ምልክት አልነበረም አልልም። ጋሻ የያዘ ካራክተር መከላከያው ሁለት ጊዜ ይደመርለት ነበር፤ በእጄ እያሰላሁ አለፍኩት። የካራክተሩን ወረቀት በፒዲኤፍ ላውጣ ስል የግዕዙ ፊደል በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሠንጠረዥ) ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! እሱንም "አዲስ አፕ ነው፣ ይስተካከላል" ብዬ ዋጥኩት። ምን ያልዋጥኩት ነገር አለ።

ትናንት ማታ እንግዲህ የመጨረሻው ሌሊት ነበር። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ቆሎው ቀርቧል፣ ተአምር ነው መብራትም አለ። ላፕቶፑ እኔ ጉልበት ላይ፣ ከቲቪው ጋር በገመድ ተያይዟል። ሁለት ገጽ ነው የምከፍተው፦ አንዱ የእኔ፣ ሁሉ ነገር የሚታይበት፤ አንዱ የተጫዋቾቹ፣ ቲቪው ላይ የሚወጣው። በእነሱ ገጽ ማፑ በጉም ይሸፈናል። ችቧቸው የሚያበራውን ያህል ብቻ ነው የሚያዩት፤ ሲራመዱ ጉሙ ትንሽ ትንሽ ይገለጣል። አሳታሚው 14,000 ብር ያስከፈለኝ ለዚህ ጉም ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም፤ ሌላውንማ በእርሳስ እንሠራው ነበር።

ዋሻው አፍ ላይ ደርሰዋል። ከዋሻው ውስጥ አራት ሽፍቶች ከድንጋይ ጀርባ አስቀምጫለሁ፣ በጉሙ ተሸፍነዋል። ከአያ ድንቁ ሥዕል ሥር ደግሞ ለራሴ ማስታወሻ ጽፌያለሁ፦ "ከዳተኛው። ሲተኙ ፊሽካ ይነፋል።" ነርሷ "አያ መጀመሪያ ይግባና እሳት ዳር ይቀመጥ፣ ደክሞታል" አለች። ሳቄን ዋጥኩ። ባለ 20 ገጹን ዳይስ አነሳሁ።

ከላፕቶፑ አናት ላይ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር መጣች። "አፕዴት ተደርጓል" ትላለች። ምንም አልነካሁም፤ እጄ ላይ ዳይስ ነው ያለው። ቲቪው ነጭ ሆነ። አንድ፣ ሁለት ብላችሁ ቁጠሩ። ተመልሶ ሲበራ ጉም የሚባል ነገር የለም። ዋሻው ከዳር እስከ ዳር ቀን ሆኗል። አራቱ ሽፍቶች ሱቅ እንደተደረደረ ሳሙና ከድንጋዩ ጀርባ ተሰልፈዋል። ከሽማግሌው ሥር ደግሞ ያ ማስታወሻ፣ በ43 ኢንች ቲቪ። ፒዲኤፍ ላይ ፊደላችንን ሳጥን የሚያደርገው አፕ "ከዳተኛው" የምትለዋን ቃል ጥርት፣ ኩልል አድርጎ አወጣት።

ጋቢዬን አውልቄ ቲቪው ላይ ወረወርኩ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጋቢ ወረወርኩበት። ማን ያላነበበ ቀርቶ! ቤቱ ጸጥ አለ። የባጃጅ ሹፌሩ ጓደኛችን ቆሎውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ነርሷ ቀስ ብላ "አያ ድንቁ?" አለች፤ እኔን ሳይሆን ጋቢ የለበሰውን ቲቪ እያየች። "እኔ'ኮ ጋቢዬን ሰጥቼዋለሁ።" ከዚያ የአክስቴ ልጅ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። በሳቁ አልተቆጣሁም። አምስት ወር ሙሉ ያቺን ፊሽካ የምነፋባትን ደቂቃ እያሰብኩ ነው የተኛሁት፤ ከዚህ በኋላ ለማን ነው የምነፋት?

ጣርማበር ላይ ጉም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሹፌር የለም። ከፊትህ ያለውን የጭነት መኪና መብራት ብቻ እያየህ እስከ መኪና መንገዱ ዋሻ ትንፏቀቃለህ፤ እሱ ጉም አክብሮህ ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው።

ሌሊቱን ፎቶ አያይዤ ጻፍኩላቸው። ወዲያው አንድ ማሽን "ጥያቄዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው" አለኝ። ጠዋት ሰው መለሰ፦ የብሮውዘሩን ጊዜያዊ ማከማቻ (ካሽ) ያጽዱ፣ ብሮውዘር ይቀይሩ፣ "ግንኙነት ደካማ በሆነባቸው አካባቢዎች እንዲህ ሊያጋጥም ይችላል።" አካባቢዬን ከየት አወቀው? ከአድራሻዬ ነዋ። ኢትዮጵያ የሚለውን ሲያይ ምርመራውን ጨረሰ። ወንድሜ፣ ኢንተርኔቴ ደካማ ቢሆንማ አፕዴታችሁ መቼ ይደርሰኝ ነበር፣ ብዬ መለስኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቃሉን ቀየረ፦ "ይህ የታወቀ ችግር ነው፣ ቡድናችን እየሠራበት ነው።" የታወቀ! አውቀውት ነው የሸጡልኝ። ገንዘቤን መልሱ አልኩ። አንደኛ የተከፈተ ዲጂታል ይዘት አይመለስም፤ ሁለተኛ ክፍያው በእርስዎ ስም ካርድ ስላልተፈጸመ ጥያቄውን ማየት አንችልም አሉኝ። ሲወስዱት የማን ካርድ ነው ብለው አልጠየቁም። ከዚያ "ጉዳዩ ተፈቷል" የሚል መልእክት ላኩልኝና ዘጉት፣ ከነፈገግታዋ ምስል።

የራሴ ጅልነት ግን ከእነሱ ይበልጣል። ይህ ዓይነት ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. በእነ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲጀመር በአንድ ካርቶን ውስጥ ሦስት ቀጫጭን መጽሐፍ ነበር፤ ሌላው እርሳስ፣ ወረቀትና ዳይስ። እኔም ዓምና በባለ 50 ቅጠል ደብተር ነበር የማጫውተው፣ ማንም አላማረረም። ይሄው ባጃጅ የሚነዳው ልጅ "በደብተሩ ምን ጎደለን?" ሲለኝ አንተ ከዘመኑ ጋር አትሄድም ብዬ ሳቅኩበት። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ የደብተሩን በሙሉ አፑ ላይ ገለበጥኩ። ደብተሩን ለእናቴ ሰጠኋት። "ልጄ፣ አትፈልገውም?" ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። አንድጂው አልኳት። ከሰል አያያዘችበት። የጓሳው ታሪክ፣ የሽፍቶቹ ስም፣ በእጄ የሳልኩት የጣርማበር መንገድ፣ ሁሉም ምድጃ ገባ፤ አሁን ያለው ቅጂ እነሱ ሰርቨር ላይ ነው፣ ላውጣው ስል ሳጥን ሳጥን ሆኖ የሚመጣው።

እንግዲህ ብትሰሙኝ፦ የዓመት አትክፈሉ፣ ግድ ከሆነ የወር። ምስጢራችሁን ደብተር ላይ ያዙ። የሕግ መጽሐፍ ያማራችሁ እንደሆነ የዲ ኤንድ ዲ መሠረታዊ ሕግ ከጥር 2015 ጀምሮ ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ተለቋል፣ አውርዳችሁ አትሙት።

ይህን እየጻፍኩ ነርሷ መልእክት ላከችልኝ። "አያ ድንቁ ጋቢዬን ካልመለሰ ቅዳሜ አልመጣም" ትላለች። ጋቢውን ወደ እሷ ልመልስላት ብዬ አፑን ከፈትኩት፤ ይለፍ ቃልዎ ትክክል አይደለም ይለኛል። ሦስተኛ ጊዜ እየሞከርኩ ነው።