ከ11 ወርና ከ34 ሌሊት በኋላ፦ የዳውን ስሊፒንግ ባጌ እንዴት ከረመ

ይህን በዳውን (በወፍ ለስላሳ ላባ) የተሞላ ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም የመኝታ ከረጢት፣ ከገዛሁት 11 ወር አልፎታል። በእነዚህ ወራት 34 ሌሊት ውስጡ አድሬያለሁ። 19ኙን ያደርኩት በረዶ ላይ በተተከለ ድንኳን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያየሁት ትልቁ ብርድ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ነበር። ገና በገዛሁ ሰሞን የወደድኩት ነገርና ዛሬ የምወደው አንድ ስላልሆነ ነው እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁት።

አዲስ ባግ ፍለጋ ያስገባኝ አንድ መጥፎ ሌሊት ነው። የድሮው ባጌ መለያ ላይ በትልቁ −10 ይላል። ብርዱ −8 ሲደርስ ኩርምት ብዬ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ። በማግስቱ ጉልበቴ ከዳኝና ከተራራው ወገብ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ መለያውን ደግሜ ሳነበው ገባኝ። −10 የተባለው "ሊሚት" ነው። "ኮምፎርት" የሚለው ቁጥር ደግሞ −4 ነበር፣ በትንንሽ ፊደል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። በአይኤስኦ 23537፣ ማለትም ለስሊፒንግ ባግ በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ባጉ የሚለካው በሚሞቅ የሰው አምሳያ ነው። ከልኬቱ ሦስት ቁጥር ይወጣል። ኮምፎርት፣ አንዲት ሴት ሰውነቷን ዘና አድርጋ ሳይበርዳት የምትተኛበት ነው። ሊሚት፣ አንድ ወንድ ተኮራምቶ የሚያድርበት የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ኤክስትሪም ግን የመኝታ ቁጥር አይደለም። እዚያ ደረጃ ላይ ሰውነት ሙቀቱን አጥቶ ለሕይወት አስጊ ወደሚሆን ሁኔታ ይገባል። አምሳያው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲወጣ አልዋለም፣ ምግብ አልዘጋውም፣ ከፍታው ራሱን አላዞረውም። ስለዚህ ሴትም ሁኑ ወንድ በኮምፎርቱ ምረጡ። የእኔ አዲሱ ባግ ኮምፎርቱ −15፣ ሊሚቱ −22 ነው።

ስለ ዳውኑ። ዳውን ዝይና ዳክዬ ከላይኛው ላባቸው ሥር ያለው፣ አገዳ የሌለው ለስላሳው ነገር ነው። የሚያሞቀው ራሱ ሳይሆን በመሃሉ የሚይዘው አየር ነው። ተራራ ወጪው ጆርጅ ፊንች እ.ኤ.አ. በ1922 በተደረገው ኤቨረስትን የመውጣት ሙከራ በዳውን የተሞላ ኮት ለብሶ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ለደረቅ ብርድ በክብደቱ ልክ የሚያሞቅ ከዚህ የተሻለ ነገር ብዙ አላየሁም። መለያው ላይ "ፊል ፓወር 850" ካለ፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ዳውን ኩፍ ሲል 14 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ሻጮች ይህን ቁጥር ሲያወሩ ዋናውን ይዘሉታል፦ ስንት ግራም ዳውን ተሞልቷል? 500 ግራም ባለ 850 ዳውን የያዘ ባግ 900 ግራም ባለ 750 ከያዘው ይበርዳል። ሁለቱን ቁጥር አባዙና አወዳድሩ። የእኔው 900 ግራም ባለ 850 ዳውን አለው፤ ጠቅላላ ክብደቱ 1.5 ኪሎ ነው።

ስፌቱንም እዩ። የውጭና የውስጥ ጨርቁ በቀጥታ አንድ ላይ የተሰፋ ከሆነ፣ በስፌቱ መስመር ላይ ዳውን የለም፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ለክረምት ተራራ በሁለቱ ጨርቆች መሃል ቀጭን ግድግዳ ያለው፣ እንደ ሳጥን የተከፋፈለው ነው የሚያዋጣው። እኔ ከመግዛቴ በፊት የግንባር ባትሪ ውስጡ አስገብቼ አበራሁ። ብርሃኑ በየክፍሉ እኩል ደብዝዞ ሲታይ ልቤ አረፈ።

ከሁሉም የወደድኩት አንገት ላይ የሚያርፈውን ወፍራም ቀለበት ነው። መጀመሪያ ላይ ያፍነኛል ብዬ ክፍቱን እተወው ነበር። አንድ ሌሊት ግን ገመዱን ሳብ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት። ከዚያ በፊት በተገላበጥኩ ቁጥር ደረቴ ላይ የነበረው ሙቅ አየር በአንገቴ በኩል ፉት ብሎ ይወጣ ነበር። ያ ቀረ። ይህ ቀለበት የሌለውን ባግ ለበረዶ አልገዛም።

ዚፑ ግን አስመርሮኛል። ከዚፑ ጀርባ ነፋስ የሚከላከል የዳውን ቱቦ አለ፤ ጥሩ ነው፤ ጨርቁ ግን ስስ ስለሆነ ዚፑ ይነክሰዋል። በሌሊት፣ ጣት በቆፈን ደንዝዞ፣ ለሽንት ለመውጣት ስትቸኩሉ ዚፑ ጉልበት አካባቢ ቢይዝ ምን እንደሚሰማ አስቡት። በስድስተኛው ወር አንዱ ቦታ ተቀደደና ላባ ብን ብን ማለት ጀመረ። በሚለጠፍ ጨርቅ ደፈንኩት፤ እስካሁን ይዟል። አሁን ዚፑን ስስብ ሌላው እጄ ቱቦውን ገፋ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዳውን ጠላት ዝናብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የባሰው ግን የራሳችን ላብ ነው። በከባድ ብርድ ከሰውነት የሚወጣው እንፋሎት ወደ ውጭ ሳይደርስ ዳውኑ መሃል ይቀዘቅዛል። በስድስት ሌሊት ጉዞ ስወጣ ባጉን በእጅ ሚዛን መዝኜው ነበር፤ 1.5 ኪሎ። ስመለስ 1.72 ሆነ። 220 ግራም ውሃ! እግር በኩል ስዳስሰው ዳውኑ ጓል ሠርቶ፣ ጨርቁ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንከባለል ነበር። አምስተኛውና ስድስተኛው ሌሊት ለምን እንደበረደኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ አፍንጫና አፌን ባግ ውስጥ አልቀብርም። ፀሐይ ባለበት ቀን ባጉን ገልብጬ ድንኳን ላይ አሰጣዋለሁ፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን። ከአራት ሌሊት በላይ ለሚሆን ጉዞ ደግሞ እንፋሎት የማያሳልፍ ስስ ከረጢት ከውስጥ እጨምራለሁ። ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ አይመችም፤ ዳውኑ ግን ደረቅ ሆኖ ይሰነብታል።

ከታች ስለሚነጠፈው ባጭሩ፦ የተኛችሁበት ዳውን ተጨፍልቋል፣ አያሞቅም። መሬቱን የሚከላከለው ፍራሹ ነው። አር ቫልዩው (ብርድ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) ከ5 በታች በሆነ ፍራሽ በረዶ ላይ ተኝቼ ጀርባዬ ቀዝቅዞ አድሯል፣ ከላይ እየሞቀኝ። አሁን በአየር ከሚነፋው ሥር ስፖንጅ አነጥፋለሁ፤ የሁለቱ አር ቫልዩ ይደመራል።

ቁመቱ ላይ ተሳስቻለሁ። በቁመቴ ልክ ገዛሁ። ግን ማታ የጫማዬ የውስጥ ሽፋን፣ ጓንት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ሁሉ አብረውኝ ነው የሚተኙት፣ እንዳይቀዘቅዙ። እግሬ ሥር ቦታ ሲጠብ ዳውኑ ይጨፈለቃል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን መውሰድ ነበረብኝ። በጣም ሰፊውን ግን አትውሰዱ፤ ባዶውን አየር ስታሞቁ ታድራላችሁ።

በዘጠነኛው ወር አጠብኩት፣ ለዳውን በተዘጋጀ ሳሙና። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ከሦስት የቴኒስ ኳሶች ጋር አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። መሃል ላይ ጓሎቹን ስነካ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ሲደርቅ እንደ አዲሱ ኩፍ አለ። ቤት ውስጥ በትልቅ ከረጢት ላላ አድርጌ ነው የማስቀምጠው፤ በትንሿ የሚጠቀጠቀው ለጉዞ ብቻ ነው።

የምትሄዱበት ቦታ ብርዱ ከ−5 የማይወርድና እርጥበት የሚበዛበት ከሆነ ይህን ዓይነት ባግ አትግዙ፤ ሲርስም የሚያሞቀው ሲንተቲክ (በሰው ሠራሽ ክር የተሞላው) ይሻላችኋል። ለደረቅና ለከባድ ብርድ ከሆነ፣ የእኔው ቢጠፋ ያንኑ ደግሜ እገዛለሁ፣ ረጅሙን።