ካርታ የሌለው ቤቴ፦ ጃክሰን ሃይትስ ኮኦፕ ከ14 ወር በኋላ

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት "ካርታው የታለ?" አለችኝ። ካርታ የለውም አልኳት። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና "ታዲያ ምኑን ነው የገዛሽው?" አለች።

ጥያቄዋ ልክ ነው። ኮኦፕ ስትገዙ ቤት አትገዙም። ሕንፃው በሙሉ የአንድ ኩባንያ ነው። የምትገዙት የኩባንያውን አክሲዮን ነው፤ አክሲዮኑ ደግሞ አንዷ አፓርታማ ውስጥ የመኖር መብት የሚሰጥ ውል ይዞ ይመጣል። እኔ 310 አክሲዮን አለኝ። ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጃክሰን ሃይትስ የሚባል ሰፈር፣ ኩዊንስ፣ ኒውዮርክ። ልጄ መኝታ ቤቱን ወስዳዋለች፤ እኔ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍዬ እተኛለሁ። ሀገር ቤት የቤት ማኅበር ሲባል ሰው ተሰባስቦ ይሠራና መጨረሻ ላይ ሁሉም ካርታውን ይዞ ይለያያል። እዚህ መለያየት የለም።

ዋጋው 315 ሺህ ዶላር ነበር። ለኒውዮርክ ይሄ ርካሽ ነው። ስቁብኝ፣ ግን ነው። 20 በመቶውን ከፈልኩ፤ ለጠበቃ፣ ለባንክና ለልዩ ልዩ ወጪ ደግሞ ወደ 9 ሺህ ገደማ ወጣ። ኮኦፕ ላይ ከተማው የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ምዝገባ ግብር አይጠይቅም፤ ኮንዶ፣ ማለትም የራሱ ካርታ ያለው አፓርታማ፣ ብገዛ ኖሮ ያም ይጨመርብኝ ነበር።

ጉድ የሆንኩት በእቁቡ ነው። ከቅድሚያ ክፍያው ውስጥ 20 ሺህ ዶላሩ የእቁብ ዕጣዬ ነው። ባንኩ የሁለት ወር የሒሳብ መግለጫዬን አየና "ይሄ ገንዘብ ድንገት ከየት መጣ?" አለኝ። እቁብን በደብዳቤ ማስረዳት ሞከርኩ። አንዴ ስጦታ ነው አሉ፣ አንዴ ብድር። በመጨረሻ ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ ሁለት ወር እስኪያድር ጠበቅሁ። ዕጣ የሚደርሳችሁ ከሆነ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ይድረሳችሁ።

ከባንኩ ቀጥሎ ቦርዱ አለ። የሕንፃው ነዋሪዎች የመረጧቸው አምስት ሰዎች ናቸው። የደመወዜን ወረቀት፣ የታክስ ሰነዴን፣ የጓደኛና የአለቃ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳቤን ሳይቀር ገላልጠው አነበቡ። ከዚያ ጠርተው አናገሩኝ። የፈለጉት ከከፈልኩ በኋላ እጄ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር ነው። ባይቀበሉኝ ኖሮ ምክንያቱን ሊነግሩኝ አይገደዱም ነበር። ያኔ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮብኝ እንኳ እንዲህ አልተመረመርኩም። አሁን ግን ገብቶኛል። አንድ ጎረቤት መክፈል ካቆመ ጉድለቱን የምንሞላው እኛው ነን።

ወርሃዊው ክፍያ፣ ሜንቴናንስ የሚሉት፣ ስገባ 890 ዶላር ነበር። ንብረት ግብሩን፣ ማሞቂያውን፣ ውኃውን፣ የሠራተኛ ደመወዙንና የሕንፃውን የራሱን ዕዳ ይሸፍናል። መብራት ለብቻ ነው። በዓመቱ 935 ሆነ። ከሞርጌጁ ጋር ሲደመር ድሮ ለኪራይ ከምከፍለው በወር 400 ዶላር ያህል ይበልጣል። ሽያጩ ላይ የነበረው ወኪል "ከኪራይ ያነሰ" ብሎኝ ነበር። በየትኛው ሒሳብ እንደሆነ እንጃ።

አሁን ወደ ክረምቱ ልምጣ። ማሞቂያው ምድር ቤት ካለው ቦይለር (ውኃ የሚያፈላ ትልቅ ጋን) በእንፋሎት የሚመጣ ነው። የከተማው ሕግ ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 31 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ውጭው ከ55 ፋራናይት (13 ሴልሺየስ ገደማ) ሲወርድ ቀን ቀን ቤቱ ቢያንስ 68 ዲግሪ (20 ሴልሺየስ) እንዲሆን ያዛል። የእኔ ቤት 80 (27 ሴልሺየስ ገደማ) ይገባል። ጥር ውስጥ መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው፤ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ጋቢ ያስፈልጋቸዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንፋሎቱ ገብቶ ክፍሉን የሚያሞቅበት ብረት በመዶሻ እንደሚመታ ይንኳኳል። መጀመሪያ ሰው መስሎኝ በሩን ከፍቼ ነበር። ሱፐሩ፣ የሕንፃው ጠጋኝና ጠባቂ፣ መጥቶ ነገረኝ፦ ቫልቩን (የእንፋሎቱን መክፈቻ) ግማሽ አትክፈቺው፣ ወይ ሙሉ ክፈቺ ወይ ሙሉ ዝጊ። ግማሽ ሲሆን ውኃው ብረቱ ውስጥ ይታቆርና እንፋሎቱ ሲመታው ይጮኻል። ከብረቱ አንድ እግር ሥር ጣውላ ሻጥ አደረገና ወደ ቫልቩ አዘነበለው። ድምፁ ጠፋ። ለገና 60 ዶላር ሰጠሁት፤ አልቆጨኝም።

ደንቡ ብዙ ነው። ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ክልክል ነው፤ ምድር ቤት ወርዶ ወረፋ መያዝ ነው። ወለሉ 80 በመቶ በምንጣፍ መሸፈን አለበት። ይህቺን ችላ ብዬ እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቡና ስወቅጥ፣ ከታች ያሉት ኮሎምቢያዊት እናት ለአስተዳደሩ ጻፉ። "የግንባታ ሥራ" ብለውት ነበር። ሙቀጫውን! ምንጣፍ ገዛሁ፣ ሙቀጫውንም በፍራሽ ቁራጭ ላይ አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ አሁን ሊፍት ውስጥ ሰላም ይሉኛል። ቡናዬን ግን እስካሁን አልቀመሱም፤ የራሳቸው አላቸው።

ሀገር ቤት ስድስት ወር ልቀመጥና ቤቱን ላከራየው የምትሉ ካላችሁ ተዉት። የእኛ ሕንፃ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ማከራየት ይከለክላል፤ ከዚያ በኋላም በፈቃድ ነው። ስትሸጡም ከዋጋው 2 በመቶ ለሕንፃው ትተዋላችሁ።

ሰፈሩን በተመለከተ ግን ቅሬታ የለኝም። ሩዝቬልት አቬኑ ጣቢያ አምስት ባቡር አለ፤ ወደ ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው ኪው 70 አውቶቡስም ነፃ ነው። 74ኛው መንገድ ላይ ወርቅና ሳሪ፣ ትንሽ አለፍ ሲል ሞሞ የሚሉት የቲቤቶች ሥጋ የተሞላ ሊጥ፣ ከሐዲዱ ሥር የኢኳዶሮች ጥብስ። ኮረሪማ ባላገኝም ሔል በኪሎ ከቤንጋሊዎቹ እገዛለሁ። 34ኛው አቬኑ ቀን ቀን ለመኪና ስለሚዘጋ ልጄ ብስክሌት የተማረችው እዚያ ነው። እነዚህ ግቢያቸው አትክልት የሆነ የድሮ ኮኦፖች በ1910ዎቹና በ20ዎቹ ሲሠሩ ለጥቁርና ለአይሁድ አይሸጡም ነበር። ዛሬ በሎቢያችን የደወል ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ስሞች አታገኙም።

ድጋሚ ብገዛ የማደርገው አንድ ነገር አለ፦ ከወጥ ቤቱ በፊት ስለ ቦይለሩ እጠይቃለሁ። ወጥ ቤቱ አዲስ መሆኑን አይቼ ነበር የወደድኩት። የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ጠበቃዬ አንብቦ "ቦይለሩ አርጅቷል ይላል" ሲለኝ ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። በስድስተኛው ወር ተጨማሪ መዋጮ መጣ፤ በወር 62 ዶላር፣ ለ18 ወር። በዚያ ላይ ከ2024 ጀምሮ የሚሠራው የከተማው የካርቦን ልቀት ሕግ አለ፤ ትልልቅ ሕንፃዎች ከገደብ ካለፉ ይቀጣሉ፣ በ2030 ደግሞ ገደቡ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። የእኛ ሕንፃ ገና ዘይት ያቃጥላል።

ሐሙስ ማታ ሎቢው ውስጥ ስብሰባ አለ። ለአዲሱ ቦይለር ሦስት ዋጋ ቀርቧል። ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ነው። እኔ በ310 አክሲዮኔ ርካሹን እንዳይመርጡ ልሟገት ነው።