ጅማና አካባቢው ያላችሁ ቡና አድራቂዎች፣ ይህን ጠጋኝ ልጅ ሳታዩ የአየር ሁኔታ መለኪያ መሣሪያ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ምስጋና ስላለብኝ ነው። ንዴቱም ገና አልወጣልኝም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ልገላገል።

የአባቴ የቡና ማሳ ጎማ ውስጥ ነው፣ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ። ቡና ያደረቀ ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል። እሸቱ ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ፀሐይ ማለት ነው። እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪደርስ እንቅልፍ የለም። ግማሽ የደረቀ ቡና አንዴ ከራሰ ሻጋታው ይከተላል፣ ሽታው ይከተላል፣ ዋጋው ደግሞ ይወርዳል። ካቻምና ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ዶፍ ስምንት አልጋ እንዲህ ሄደብን።

በዚያ ብስጭት ነው የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ የገዛሁት። “ፕሮፌሽናል ነው” አሉኝ፣ የተጠየቅኩትን ከፈልኩ። እነማን እንደሆኑ አልናገርም። መጡ፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ሰቀሉት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። ቡና እንኳ አልጠጡም!

ከዚያማ ጉድ ነው። አባቴ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል፣ መለኪያው የሚልክለት ስልኬ 38 ዲግሪ ይላል። ዶፉ ይወርዳል፣ ስልኬ “ዝናብ 0” ይላል። ስደውል “ኔትወርክ ነው” አሉ። ደግሜ ስደውል “ሲስተም ነው” አሉ። ከዚያ ማንሳት ተዉ። ሌላ ጠጋኝ ፈልጌ አመጣሁ፤ ዕቃውን ፈታቶ ሦስት ሳምንት አስቀመጠና “ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ” አለኝ። የምርመራ ብሎም ተቀበለኝ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ስሙን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ጎረቤት ጠቁሞኝ ነው ያገኘሁት። አንድ እሑድ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ በባጃጅ ከች አለ። መሣሪያውን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ቀጥታ አባቴ ጋ ሄዶ ዱካ ላይ ተቀመጠና “አባባ፣ እዚህ ዝናብ በየት በኩል ነው የሚመጣው? ንፋሱስ?” አላቸው። አባቴ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩለት። ስልኩ ከመጣ ወዲህ ስለ ዝናብ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጣ። የዝናብ መለኪያውን አፍ ሲያራግፈው የዋንዛ ቅጠልና የሸረሪት ድር ወደቀ። ቦርዱ ምንም አልሆነም! “ቆርቆሮ ላይ ሙቀት አይለካም እህቴ፣ የቆርቆሮውን ትኩሳት ነው የሚነግርሽ” አለኝ። ሁሉንም አውርዶ ከአልጋዎቹ አጠገብ ገላጣ ሳር ላይ ተከለው። የሙቀት መለኪያውን በነጭ ሽፋኑ ውስጥ አድርጎ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል አነሳው። የዝናቡን ደግሞ ከዋንዛው ቁመት ከእጥፍ በላይ አራቀው፣ በእርምጃ እየቆጠረ። ሽቦውን ምን እንዳደረገው አትጠይቁኝ።

የማልረሳው ግን ጠርሙሱን ነው። የመለኪያው አፍ ስፋት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጁ 314 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክቶ “ይህ እዚህ ውስጥ ሲገባ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው” አለ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ማንኪያ መሳይ ነገር በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ እየተገለበጠች ቀጭ ትላለች፤ ስለዚህ 50 ጊዜ መጮህ አለባት። የጠርሙሱን ክዳን በመርፌ በስቶ ዘቅዝቆ አስቀመጠው፣ ጠብ ጠብ እያለ እንዲወርድ። ቆጠራውን ለአባቴ ሰጣቸው። እሳቸውም ቀጭ ባለች ቁጥር አንድ የቡና ፍሬ ወደ ጎን ያስቀምጣሉ። መጨረሻ ላይ ስንቆጥር 49 ፍሬ። “አንዷ እኔን አምልጣኝ ይሆናል” አሉ አባቴ። ልጁ ሳቀና “መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ አዲስ እንዳትገዢ” አለኝ። አዲስ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ! ያስከፈለኝ ለዚያኛው “ምርመራ” ከከፈልኩት ያነሰ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ነግሮኛል። “ይህ የሚነግርሽ አሁን ያለውን ነው፣ ነገን አይተነብይም።” ለእኛ በቂ ነው። የአየሩ እርጥበት ከፍ ሲል፣ የመጀመሪያዋ ጠብታም ስትወድቅ፣ ለዘበኛው ስልክ መልእክት ይሄዳል። ዘንድሮ ሁለት ሌሊት አልጋዎቹ በጊዜ በላስቲክ ተሸፈኑ፣ አንድም አልጋ አልራሰም።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩን ከዋጋው በፊት “የት ነው የምትተክለው? ከስድስት ወር በኋላ ማን መጥቶ ያጸዳዋል?” በሉት። ከተንተባተበ ተዉት። የገዛችሁትም “ተበላሽቷል” ተብላችሁ ከሆነ አትጣሉት፣ መጀመሪያ ይህ ልጅ ይየው። በእውነት ይየው!

ስልኩን ኢንቦክስ ለምትጠይቁኝ እልካለሁ። ግን ለቀማ ሳይጀመር ደውሉለት። በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት ለጽዳት እኛ ጋ ነው፣ አባቴ ከአሁኑ ቀጥረውታል።