አስር አለቃን ስለ እንቅልፉ ለጠየቀችው ሲስተር

መጀመሪያ ስሟን የማልጽፍበትን ምክንያት ልናገር። ራሷ ናት የከለከለችኝ። «ስሜን ከጻፍክ ሰው ከየወረዳው ይመጣብኛል፣ እኛ ያለችን አንዲት ክፍል ናት» አለችኝ። ስለዚህ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። ከደምበጫ ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ አባቴን ያከመችልን ነርስ ናት። ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ አይበልጥም።

አባቴን የሰፈሩ ሰው አስር አለቃ ይለዋል። በ1976 በብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ጊዜው ሲያልቅም አልለቀቁትም፣ እስከ ግንቦት 1983 ሰሜን ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ከከረን ተነስቶ በእግሩ ሱዳን፣ ከሰላ ገባ። ከዚህ ያለፈውን እኛ ቤት የሚያውቅ የለም። እሱም አያወራ፣ እኛም አንጠይቅ።

እኔ የማውቀው ማማውን ነው። በቆሎ ሲያሽት አባቴ ማማ ላይ ያድራል፤ ጃርትና ከርከሮ ይጠብቃል። የራሱን ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቱንም፣ ባሏ የሞተባትንም። ሰው ሁሉ ሲመርቀው ነው የኖረው። ታዲያ በቆሎው ተሰብስቦ፣ አገዳውን ከብት ከጨረሰው በኋላም እዚያው ያድራል። ልጅ ሆኜ አልገረመኝም። አባት ማለት ውጭ የሚያድር ሰው ይመስለኝ ነበር። በር ከተዘጋበት እንቅልፍ እንደማይወስደው የገባኝ እኔም አባት ከሆንኩ በኋላ ነው።

ሌላው ለቅሶ ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት ይተኮሳል፣ ሰርግ ላይም ይተኮሳል። አባቴ ሁለቱም ጋ አይደርስም። ሰርጉስ ይሁን፣ ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አላስረዳም። ከእድር ሊያስወጡት ደርሰው ነበር። እናቴ ናት በየቤቱ እየዞረች «ሆዱን አሞት ነው» ስትል የኖረችው።

ሆዱንም ያመዋል። ከተማ ወስጄ አንድ ትልቅ ሆስፒታል አሳየሁት። ጨጓራ ነው ተባለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ዋጠ። ወታደር ነበርክ ወይ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም። መጨረሻ ላይ አንዱ ሐኪም ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ «ይሄ የአእምሮ ክፍል ይታይ» አለና ወረቀት ጻፈለት። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሐኪም ቤት አልረገጠም። «አበደ ልታስብሉኝ ነው?» አለኝ። ምን እለዋለሁ?

ሲስተር የመጣችበት መንገድ ሌላ ነው። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገሩን ሹክ ብላታለች። በገበያ ቀን መንገድ ዳር ጠረጴዛ አውጥታ የደም ግፊት ስትለካ አባቴን ጠራችው። ለካችውና «አስር አለቃ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» አለችው።

«ወታደር አይተኛም።»

«ስንት ዓመትዎ ነው ካልተኙ?»

መልስ አልሰጣትም። እሷም አልገፋችውም። ግፊቱን በሚቀጥለው ገበያ ደግማ እንደምትለካው ነግራ ሸኘችው። አራት ገበያ ተመላለሰ። ለእኛም፣ ለጎረቤትም፣ ለራሱም ሲሄድ የነበረው ለግፊት ነው። በአምስተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ምን እንዳወራት አላውቅም። ብጠይቃት «እሱ ከፈለገ ይንገርህ» ብላ ዘጋችኝ። በውስጤ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ግን አባቴ አምኗት የተመለሰው በዚህ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ነግራናለች፣ እሱኑ አስፈቅዳ። ሞትን ተመኝቶ ያውቅ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቃዋለች። መሣሪያ ቤት እንዳለም። ሁለቱንም አዎ ብሏል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ መክተት ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም መጠየቁ ሰውን እንደሚያቀለው ያስረዳችኝ እሷ ናት። ቀጥሎ የጠመንጃው ነገር መጣ። ጎጃሜን ጠመንጃህን አስቀምጥ ማለት ቀልድ አይደለም። ሲስተርም እንደዚያ አላለችም። ከእሱ፣ ከእናቴና ከአጎቴ ጋር ተመካከረች፤ ጠመንጃው «ሊወለወል» አጎቴ ቤት ሄደ። ይኸው እስካሁን እየተወለወለ ነው።

ሕመሙን ሐኪሞች ፒቲኤስዲ ይሉታል፤ እንደ ጦርነት ያለ አስደንጋጭ ነገር ካለፈ በኋላ ሰው ላይ የሚቀር የአእምሮ ሕመም ነው። በዚህ ስም በአሜሪካ ሐኪሞች መዝገብ የገባው በፈረንጆቹ 1980 ነው። አባቴ ሲዘምት ስም ካገኘ ዓመታት አልፈውታል ማለት ነው፤ እኛ ቤት እስኪደርስ ግን አርባ ዓመት ፈጀበት። ሲስተር ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም፣ አይደለችም። ለጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የሚሰጠውን የአእምሮ ጤና ስልጠና ወስዳለች። ድሮ የአእምሮ ሕክምና ሲባል ሰው የሚያስበው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልን ነበር። በ2005 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው ጤና ጣቢያ ድረስ ይውረድ ብሏል። ወረቀት ላይ ያለው እኛ መንደር የደረሰው በዚህች ልጅ ነው።

ፍሉኦክሴቲን የሚባል፣ ለድብርትና ለእንዲህ ያለ ሕመም የሚሰጥ ክኒን ጀመረችለት፣ ጠዋት ጠዋት አንድ። እናቴንም አስቀምጣ ነገረቻት፦ መጀመሪያ ሊያቅለሸልሸው ይችላል፤ ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፤ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። በአሥረኛው ቀን «ይሄ ነገር ውሃ ነው» ብሎ ሊጥለው ሲል እናቴ ደወለችላት። አባቴ አረቄ ያበዛ ነበር፤ እሱንም በአንድ ጊዜ ጣለው አላለችውም። ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ቢያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት ይችላል አለችን። በእሷ ክትትል ቀስ እያለ ነው የቀነሰው።

ጸበሉን አልነካችበትም። የንስሐ አባቱን ራሷ ሄዳ አነጋገረቻቸው። የጾም ጊዜ የክኒኑ ሰዓት ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ቢዘገይ ግድ የለም፣ መዝለል ነው የማይሆነው ብላለች። አባ ራሳቸው አሁን ሲያገኙት «ዋጥክ?» ይሉታል።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ መድኃኒት የሚያልቅበትም። ከተገኘ የሁለት ወር አድርጋ የምትሰጠው ለዚህ ነው። አባቴ ዛሬም ድንገት በር ሲላተም ይደነግጣል። ግን በጥቅምት የጎረቤታችን ለቅሶ ላይ ተገኝቷል። ተኩሱ ሲያልቅ ከሰዓት በኋላ ሄደና ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ቤትም ውስጥ ይተኛል፣ በሩን ገርበብ አድርጎ። እናቴ ብርድ ገደለኝ እያለች ትነጫነጫለች።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ የኛን ስህተት አትድገሙ። «የአእምሮ» ብላችሁ አትጀምሩ። ስለ እንቅልፉ ጠይቁት። ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና የሠለጠነ ነርስ አለ ወይ በሉ። ካርድ ክፍል ምክንያቱን ማስረዳት የለባችሁም፤ «ለምርመራ» ይበቃል። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ያዙ። ራሴን ላጥፋ የሚል ከሆነ ግን ገበያ ቀን አትጠብቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ያን ዕለት ውሰዱት። በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም በኩል ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት አገናኛችኋለሁ።

ሲስተር፣ እናቴ ዘንድሮም ማር ልካለች። እንደ አምናው እንዳትመልሺው፣ ተቀይማሻለች።