ሁለት ኤስኤስዲ በሊኑክስ ሬይድ 1፦ ከአስር ወር በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ኮምፒውተሬ ላይ ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ክሩሻል ኤምኤክስ500 ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌላቸው ፈጣን ማከማቻዎች) አሉ፣ በሬይድ 1 የተያያዙ። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል ማለት ነው። ከመስከረም ጀምሮ ኡቡንቱ ላይ ነኝ። ሬይዱም የሊኑክስ የራሱ ነው፣ ኤምዲአድም የሚባለው። ከዚያ በፊት ግን እነዚሁ ድራይቮች ለብቻው በተገዛ የሬይድ ካርድ ላይ፣ በዊንዶውስ ነበር የሚሠሩት። ስለ ትሪም፣ ማለትም የጠፋ ፋይል ቦታ መለቀቁን ለድራይቩ ስለሚነግረው መልእክት፣ እንድጽፍ ያደረገኝም ያኔ ያየሁት አበሳ ነው።

ካርዱ መጀመሪያ እንከን አይወጣለትም ነበር። ፋይል ስገለብጥ በሰከንድ 450 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል። አምና ጥር ላይ ሰርጉ ተደራረበ። ድራይቩን እሞላለሁ፣ ለሙሽሮቹ አስረክቤ አጠፋለሁ፣ እንደገና እሞላለሁ። የካቲት ሲገባ ፍጥነቱ ከ100 በታች ወረደ። ኬብል ቀየርኩ፣ ግማሹን ፋይል አነሳሁ፣ ለውጥ የለም። ግማሹ ባዶ የሆነ ድራይቭ አፍንጫው ድረስ እንደሞላ ሲንቀራፈፍ ማየት በጣም ያናድዳል፣ በተለይ ሙሽሮቹ ስልክ ላይ ሲሆኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይል ስናጠፋ ኮምፒውተሩ ከመዝገቡ ላይ ይሰርዘዋል እንጂ ድራይቩ የሚያውቀው ነገር የለም። ተከራይ ለአከራዩ ሳይናገር ቤቱን ለቆ እንደሄደ ቁጠሩት። ክፍሉ ባዶ ነው፣ አከራዩ ግን ሰው ያለበት ስለሚመስለው አያከራየውም። ትሪም ማለት «ይሄን ቦታ ለቅቄያለሁ» የሚለው መልእክት ነው። ኤስኤስዲ በተጻፈበት ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፣ መጀመሪያ ማጽዳት አለበት፣ የሚያጸዳውም በትልልቅ ብሎክ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ካልደረሰው፣ ድሮ የጠፋውን ፋይል ሁሉ እንደ ሕያው ቆጥሮ ከብሎክ ወደ ብሎክ ሲያዛውር ይኖራል። ፍጥነቱ የሚወድቀው፣ ዕድሜውም የሚበላው በዚህ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው «ዲሴብል ዲሊት ኖቲፋይ» የሚለው የትሪም ቅንብር ዜሮ መሆኑን አይቶ ይረጋጋል። እኔም ተረጋግቼ ነበር። ያ ዜሮ የሚናገረው ዊንዶውስ መልእክቱን እንደሚልክ ብቻ ነው። መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው መሃል ላይ ያለው ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ወይም ካርድ ነው። ዊንዶውስ 7 ትሪምን ይዞ የመጣው በፈረንጆች 2009 ነው፣ ኢንቴል ግን በሬይድ 0 (ፋይሉን ከፋፍሎ በድራይቮቹ ላይ በሚያከፋፍለው) ለተያያዙ ድራይቮች ትሪም የሚያሳልፍ ድራይቨር ያወጣው 2012 ላይ ነው። ሊኑክስም በዚያው ዓመት መጨረሻ በ3.7 ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ለሬይድ 0፣ 1 እና 10 (የ1 እና የ0 ጥምር) ፈቀደ። የሬይድ ካርዶች ግን ብዙዎቹ ዛሬም አያሳልፉም፣ የእኔም አላሳለፈም። ካርዱን መተው የማትችሉ ከሆነ ድራይቩ ገና ንጹሕ ሳለ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ፓርቲሽን ሳታደርጉበት ባዶ ተዉት፣ ትንፋሽ ይሰጠዋል።

መስከረም ላይ ካርዱን አውጥቼ ድራይቮቹን ቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካኋቸው። ትሪም ማለፉን የማየው ኤልኤስቢኤልኬ በሚባለው ትዕዛዝ ነው፣ ከዳሽና ከትልቁ ዲ ጋር። የሬይዱ መስመር ላይ «ዲስክ ማክስ» የሚለው ዜሮ ከሆነ አያልፍም። ኡቡንቱ ትሪም የሚልከውን ትዕዛዝ፣ ኤፍኤስትሪምን፣ በየሳምንቱ ሰኞ በራሱ ያስነሳዋል። መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽኑ ተዘግቶ ሰዓቱ ቢያልፍ፣ ሲበራ ያካክሰዋል። እኛ ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የዘንድሮን ጥር ከ430 ሳልወርድ ጨረስኩት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሚያዝያ ላይ አንዱ ድራይቭ ከሬይዱ ወጣ። የኬብሉ ጫፍ ላልቶ ነበር፣ ግን ያኔ ስላላወቅኩ ድራይቩን በአዲስ ቀየርኩት። ሬይዱ ሲጠገን ባዶውንም ቦታ ጨምሮ ሁሉንም ነው የሚገለብጠው፣ ስለዚህ አዲሱ ድራይቭ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ይመስለዋል። ይህን አውቄ ወዲያው ኤፍኤስትሪም አስነሳሁ። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ አጸዳሁ አለኝ! ከ600 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ እያለ። ግራ ገብቶኝ አንድ ቀን ፈጀሁ። ለካ ኤክስት4 (ፋይሎቹን የሚያደራጀው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ከዚህ በፊት ትሪም ያደረገውን ቦታ ያስታውሳል፣ አንማውንት ተደርጎ እንደገና ማውንት እስኪደረግ ድረስም አይደግመውም። ድራይቭ መቀየሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁና ደገምኩት፣ ያኔ ሁሉንም አጸዳ። መጀመሪያ ሬይዱን ስትሠሩም ያው ነው፤ ማመሳሰሉ ሲያልቅ ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሱና ትሪም አድርጉ። ይህን የሚነግር ምንም ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቢኖር ግን ስንቱን ያድን ነበር።

አንድ ሌላ ነገር። ግንቦት ላይ ረዳቴ የአንድ ሰርግ ፎልደር በስህተት አጠፋ። ሬይድ 1 ስለሆነ ከሁለቱም ላይ በአንዴ ጠፋ። ትሪም ከሄደ በኋላ ደግሞ የትኛውም የፋይል ማውጫ ፕሮግራም አይመልሰውም። ያዳነን ውጭ የተቀመጠው ተራ ሃርድ ዲስክ ነው። ሬይድ አለኝ ብላችሁ ባክአፕ እንዳትተዉ አደራ።

ለሚቀጥለው ጥር ቦታ ያስፈልገኛል። ሦስተኛ ድራይቭ ጨምሬ ሬይድ 5 ለማድረግ አስቤ ነበር። ሊኑክስ ግን ሬይድ 5 ላይ ትሪምን ዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱም የተጸዳው ቦታ ሲነበብ ሁሌም ዜሮ ካልመለሰ የፓሪቲው (አንድ ድራይቭ ሲበላሽ ፋይሉ መልሶ የሚሰላበት ትርፍ መረጃ) ስሌት ይበላሻል። በእጅ መክፈት ይቻላል፣ በሰው ሰርግ ላይ ግን አልሞክረውም። ሁለት ድራይቭ ገዝቼ አራቱን በሬይድ 10 አደርጋቸዋለሁ።